ስለ ቢአይኤም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢአይኤም (ሕንፃን ከነመረጃው ኮምፒውተር ላይ መሥራት) ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የሚሽከረከር 3ዲ ሕንፃ ነው። ምስሉ እውነትም ያምራል፤ ትርፉ ያለው ግን እሱ ላይ አይደለም። ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ማንበብ ግድ አይደለም፤ የሚያስፈልጋችሁ ጋ ዘላችሁ ሂዱ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቢአይኤም ምንድነው? ባጭሩ።

ሕንፃውን ሳይት ላይ ከመሥራታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ትገነቡታላችሁ። አውቶካድ በሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ላይ ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው። ግድግዳ መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ቢአይኤም ላይ ግን ግድግዳው ራሱን ያውቃል፦ ውፍረቱን፣ ከየትኛው ፎቅ ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ ብሎኬቱ ስንት ልስኑ ስንት እንደሆነ ይዟል። በሩም የቆመበትን ግድግዳ ስለሚያውቅ ግድግዳውን ስትገፉት ተከትሎ ይሄዳል። ፕላኑ፣ ሴክሽኑ (ሕንፃው ተቆርጦ ሲታይ)፣ ኤሌቬሽኑ (ከውጭ ሲታይ)፣ የበርና የመስኮት ዝርዝሩ ሁሉም ከአንዱ ሞዴል የሚወጡ ስለሆኑ አንዱ ጋ ያረማችሁት ነገር ሌላውም ጋ አብሮ ይታረማል።

ሙሉ ስሙ ቢልዲንግ ኢንፎርሜሽን ሞዴሊንግ ነው። ሦስቱ ቃላት እኩል አይታዩም፤ ሰው ለሞዴሉ ይሟሟታል፣ መካከለኛውን ኢንፎርሜሽን ግን ይረሳዋል።

እኔም እኮ 3ዲ እሠራለሁ። ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

መፈተኛው ቀላል ነው። አንዱን ግድግዳ ንኩና ጠይቁት፦ ከምን ተሠራህ? እሳት ስንት ደቂቃ ትቋቋማለህ? ስንት ካሬ ነህ? ክብደት ትሸከማለህ ወይስ ዝም ብለህ ክፍል ነው የምትለየው? ከመለሰ ቢአይኤም ነው። ዝም ካለ ምስል ነው። ለደንበኛ ማሳያ ምስል መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ከምስል ላይ ግን ኮንክሪት አይለካም።

አዲስ ፋሽን ነው እንዴ?

አይደለም፣ ዕድሜው ገፍቷል። ሕንፃን በመስመር ሳይሆን በዕቃዎችና በመረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ አሜሪካዊው ቻርልስ ኢስትማን በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ጽፎበታል። የቡዳፔስቱ ኩባንያ ግራፊሶፍት አርኪካድ የተባለውን ፕሮግራም ያወጣው በ1980ዎቹ ነው። ስያሜው ራሱ በ1992 በወጣ የሁለት ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ሬቪት የተባለው ሌላው ፕሮግራም በ2000 ገበያ ላይ ወጣ፣ በ2002 የአውቶካዱ ኩባንያ አውቶዴስክ ገዛው።

ለምን እንዲህ ዘገየ? አንዱ የኮምፒውተር አቅም ነው። ሌላውና ከባዱ ግን አርክቴክቱ፣ ስትራክቸራሉ፣ ኤሌክትሪካሉ፣ ሳኒተሪው መሐንዲስ ሁሉም በየቢሮው በር ዘግቶ ሠርቶ በወረቀት መወራወር መልመዱ ነው። ፕሮግራም ይገዛል። ልማድ ግን ይቸግራል።

ክላሽ ክላሽ ሲሉ እሰማለሁ። ምንድነው?

ሁለት ነገር አንድ ቦታ ላይ ሲገኝ ክላሽ ይባላል። በቁጥር እንየው።

አንድ የቢሮ ኮሪደር አለ። ከወለል እስከ ወለል 3.2 ሜትር ነው። ቢሙ (አግድም የሚሸከመው ኮንክሪት) ከነስላቡ (ከወለሉ ኮንክሪት ጋር) 60 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ከቢሙ ሥር 2.6 ሜትር ቀረ። አርክቴክቱ ኮርኒሱን 2.4 ሜትር ላይ አድርጎታል። ስለዚህ በቢሙና በኮርኒሱ መሀል ያለው ክፍተት 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የወለል ንጣፉን ለጊዜው ተዉት። የሜካኒካል መሐንዲሱ ደግሞ በዚያው ኮሪደር 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) አሳልፏል። ኢንሱሌሽኑና ማንጠልጠያው ሲጨመር 35 ይደርሳል።

ሦስቱም ድሮዊንግ ለየብቻው ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ፕላኖቹን አንዱን ባንዱ ላይ ብታነባብሯቸውም ችግሩ አይታያችሁም፤ ያለው ቁመቱ ላይ ነዋ። የሚታየው ኮንክሪቱ ተሞልቶ፣ ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ መያዣ) ተነስቶ፣ ዳክት የሚሰቅለው ልጅ መሰላል ላይ ወጥቶ ፎርማኑን ሲጣራ ነው። ከዚያ ኮርኒሱ ይወርዳል፣ ወይ ዳክቱ ተጠፍጥፎ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወይ ደግሞ አንድ ደፋር ኮሪንግ ማሽን አምጥቶ ቢሙን መብሳት ይጀምራል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት የስትራክቸር መሐንዲሶችን እንቅልፍ የምትነሳው።

ሦስቱ ሞዴሎች አንድ ላይ ሲገጠሙ እንደ ናቪስወርክስ ወይም ሶሊብሪ ያለ ፕሮግራም ቦታውን በደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል። ማስተካከያው የሰዓታት ሥራ ነው፤ ማውስ መጎተት ነው።

ሶፍት ክላሽ የሚባልም አለ። እዚህ ምንም ነገር ከምንም አይነካካም፣ ግን የኤሌክትሪክ ፓነሉን በር ለመክፈት ቦታ የለም፣ ወይም ቫልቩን ለመዝጋት እጅ አይገባም። ይህንን ፕሮግራሙ የሚያገኘው በዕቃው ዙሪያ ስንት ሳንቲ ሜትር ክፍት መሆን እንዳለበት ቀድማችሁ ከነገራችሁት ብቻ ነው።

ክላሽ ስፈትሽ በሺህ የሚቆጠር ውጤት አወጣልኝ። ምን ልሁን?

አትደንግጡ። አብዛኛው ኮተት ነው። አንድ ቧንቧ ከአንድ ግድግዳ ጋር በሃያ ፎቅ ላይ ቢነካካ ሃያ ክላሽ ይባላል፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ሁሉን ከሁሉ ጋር አታጋጩ። ስትራክቸርን ከዳክት፣ ስትራክቸርን ከፍሳሽ ቧንቧ፣ ዳክትን ከኬብል ትሬይ (የኬብል መደርደሪያ) እያላችሁ ጥንድ ጥንዱን ፈትሹ። ከሁሉም ፍሳሽ ይቅደም፤ ተዳፋት ስለሚፈልግ እንደ ኬብል ወዲያ ወዲህ አይልምና። ከዚያ የተመሳሰለውን ሰብስባችሁ ለእያንዳንዱ ባለቤትና ቀን ስጡት። ባለቤት የሌለው የክላሽ ሪፖርት ያው ወረቀት ነው።

ሬቪት ተምሬያለሁ። ቢአይኤም አወቅኩ ማለት ነው?

መሣሪያውን አውቃችኋል፣ ጥሩ ነው። ግን ሬቪትን እንደ አውቶካድ የሚጠቀም ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ግድግዳውን በሞዴል ይሠራና በሩ ላይ ስም በቴክስት ይጽፍበታል፤ የክፍሉን ስፋት በካልኩሌተር ይሠራና እሱንም በቴክስት ይለጥፈዋል። ከዚያ ክፍሉ ይሰፋል፣ ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል በንጹሕ አውቶካድ የተሠራ ድሮዊንግ ይሻላል፤ ቢያንስ አውቶካዱ አውቃለሁ አይልም።

ቢአይኤም ማለት ማን፣ ምን መረጃ፣ በየትኛው ደረጃ፣ በምን መልክ፣ ለማን ያስረክባል የሚለው ስምምነት ነው። ፕሮግራሙ የስምምነቱ ማስፈጸሚያ ነው።

የትኛውን ፕሮግራም ልማር?

አብራችኋቸው የምትሠሩት ሰዎች የሚጠቀሙበትን። ሙግቱ ማለቂያ የለውም፣ እኔም አልገባበትም። ለአርክቴክቸር ሬቪትና አርኪካድ ይታወቃሉ፤ ለብረት ሥራና ለፌሮ ዝርዝር ቴክላ ጠንካራ ነው። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ፍሪካድ አለ፣ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ የሚጫነው ቦንሳይ የሚባለውም አለ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሞዴል ከፍቶ ማየት ብቻ ለሚፈልግ ደግሞ ምንም የማያስከፍሉ መመልከቻዎች ሞልተዋል። ፎርማኑ ታብሌት ላይ ሞዴሉን አሽከርክሮ እንዲያይ ባለሙያ መሆን የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በአዲሱ ሬቪት ያስቀመጣችሁትን ፋይል በአሮጌው መክፈት አይቻልም። ፕሮጀክት መሀል ላይ አንዱ ቢሮ ብቻውን አፕዴት ካደረገ ሌላው ሁሉ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ቨርዥኑን መጀመሪያ ቀን ላይ ተስማሙበት፣ በጽሑፍም አስፍሩት።

አይኤፍሲ ምንድነው? ለምንስ ዕቃ ይጠፋብኛል?

አይኤፍሲ የተለያዩ ፕሮግራሞች የሚግባቡበት ክፍት ፎርማት ነው። አርክቴክቱ በአርኪካድ፣ ስትራክቸራሉ በቴክላ ቢሠራ ሁለቱም ወደ አይኤፍሲ አውጥተው ይገናኛሉ። የሚያስተዳድረው ቢልዲንግስማርት የሚባል ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ አይኤስኦ 16739 በሚል ቁጥር ሙሉ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አይኤፍሲውን ከፍቶ እንደ ራሱ ፋይል ማረም ሲፈልግ ነው። የታሰበው ለዚያ አይደለም። ለማየት፣ ለመለካት፣ ክላሽ ለመፈተሽ፣ ለማስረከብ ነው። ማረም ያለበት የሞዴሉ ባለቤት ነው፣ በራሱ ፕሮግራም።

ዕቃ ጠፋብኝ ለሚለው፦ ብዙ ጊዜ አልጠፋም፣ ስሙ ተቀይሮ ነው የተቀመጠው። ደረጃውን ስትሠሩ በደረጃ መሣሪያ ሳይሆን በሌላ ነገር ቀጣጥላችሁት ከሆነ፣ ሲወጣ ፕሮክሲ የሚባል ዓይነት ይለጠፍበታል፤ ትርጉሙ ምን እንደሆነ የማይታወቅ የሕንፃ አካል ማለት ነው። ዓይን ደረጃ ያያል፤ ደረጃዎችን ሁሉ ቁጠርልኝ ያለ ሰው ግን አያገኘውም። ስለዚህ አውጥታችሁ ከመላካችሁ በፊት በመመልከቻ ክፈቱትና ዓይነቱን በዓይነት እያበራችሁና እያጠፋችሁ እዩት።

ሞዴሎቹን ሳገናኝ አንዱ ከሌላው ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። ምን ነክቶት ነው?

መነሻ ነጥብ አልተስማማችሁም። አንዱ ከዜሮ ጀመረ፣ ሌላው በሰርቬየሩ (በመሬት ለኪው) ኮኦርዲኔት ሠራ። ማንም አንድ መስመር ሳይስል በፊት የጋራ መነሻ ነጥብ፣ ግሪድ (ኮለኖች የሚቆሙባቸው መስመሮች)፣ የፎቅ ከፍታዎች፣ ሰሜን ወዴት እንደሆነና መለኪያው ሚሊ ሜትር ይሁን ሜትር መወሰን አለበት። ሬቪት ላይ ደግሞ ሥራችሁ ከውስጣዊ መነሻው ከ16 ኪሎ ሜትር ከራቀ መስመሮች መንቀጥቀጥ፣ ልኬት መዛባት ይጀምራል። የሰርቬይ ኮኦርዲኔቱን እንደ መጋሪያ አስገቡት እንጂ ሕንፃውን ራሱን እዚያ ድረስ ወስዳችሁ አትትከሉት።

ኳንቲቲ (የሥራው መጠን ልኬት) በአንድ ክሊክ ይወጣል የሚባለው እውነት ነው?

ክሊኩ እውነት ነው። ቁጥሩ ትክክል ለመሆኑ ግን ማንም ዋስ አይሆንም።

ምሳሌ እንውሰድ። ኮለን (ምሰሶው) 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስላቡ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው። ሠሪው ኮለኑን ስላቡን አሳልፎ ዘረጋው፣ ስላቡንም ኮለኑ ላይ ሳይቆርጥ አለበሰው። የተደራረበው 0.4 በ0.4 በ0.2 ነው፦ 0.032 ሜትር ኪዩብ። ይቺ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሠላሳ ኮለን በፎቅ፣ አሥር ፎቅ ሲሆን 9.6 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። ያውም ኮለንና ስላብ ብቻ፤ ቢሙ ገና አልተነሳም። ስለዚህ ማን ማንን ይቆርጣል የሚለው ቀድሞ መወሰን አለበት፣ የምትለኩበት የሥራ መለኪያ ደንብ ከሚለው ጋርም መግጠም አለበት።

ሌላው ደግሞ ሞዴሉ ውስጥ የሌለ ነገር አይቆጠርም። ፎርምወርክ፣ ስካፎልዲንግ፣ ሚስማር፣ ብክነት፣ ቁፋሮው ሲናድ የሚጨመረው አፈር፣ እነዚህን የሚሞዴል ጥቂት ነው። ፌሮም ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ አይገባም። ኳንቲቲ ሰርቬየሩ ሥራ አልፈታም፤ ስኬል ይዞ ወረቀት መለካቱን ትቶ ሞዴሉን መርማሪ ሆነ። አንድ ፎቅ መርጦ በእጁ ለክቶ ከሞዴሉ ጋር የማያስተያይ ሰርቬየር ካጋጠማችሁ ጠርጥሩት።

ሎድ 300፣ ሎድ 400 የሚሉት ምንድነው?

ሎድ (ሌቭል ኦፍ ዴቨሎፕመንት) አንድ የሕንፃ አካል ምን ያህል እንደ ተወሰነና ምን ያህል ልትተማመኑበት እንደምትችሉ የሚነግር ደረጃ ነው። በ100 ላይ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይኖራል ማለት ነው። በ200 ግምታዊ መጠንና ቦታ አለው። በ300 ልኩና ቦታው ተወስኗል። በ350 ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝበት ነገር ይጨመራል፣ ክላሽ ለመፈተሽም ተመራጩ ይሄ ነው። በ400 ወርክሾፕ ወስዳችሁ ልታመርቱበት ትችላላችሁ። 500 ሳይት ላይ ተለክቶ የተረጋገጠ ነው።

ውሉ ላይ "ሞዴሉ በሎድ 400 ይቅረብ" ብሎ የሚጽፍ አሠሪ አለ። ለሁሉም ነገር! የእጅ መታጠቢያው ብሎን ሳይቀር ሊሞዴል ነው። ደረጃው የሚሰጠው ለእያንዳንዱ አካል፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ነው እንጂ ለሞዴሉ በጅምላ አይደለም። ጥሩ መምሰልም ደረጃ አያሰጥም፤ ከኢንተርኔት የወረደ የሚያብረቀርቅ ፓምፕ ሎድ 200 ሊሆን ይችላል፣ ገና ማንም አልመረጠውማ።

4ዲ፣ 5ዲ፣ 6ዲ፣ 7ዲስ?

4ዲ ጊዜ ነው፦ የሥራ መርሐ ግብሩ ከሞዴሉ ጋር ይያያዝና ሕንፃው ሳምንት በሳምንት ሲቆም ታያላችሁ፤ ክሬኑ የት ይቁም፣ ዕቃው በየት ይግባ ለሚለው ወደር የለውም። 5ዲ ወጪ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር እንደ ሻጩ ይለያያል፣ ብዙም አትጨነቁበት።

ሞዴሉና ድሮዊንጉ ቢለያዩ የቱ ነው የሚገዛው?

ውሉ የሚለው። በብዙ ቦታ እስካሁን የሚገዛው ተፈርሞ ማኅተም ያረፈበት ድሮዊንግ ነው፤ ሞዴሉ ለመረጃ ያህል ተብሎ ይሰጣል። ዋናው ነገር ጥያቄው ጭቅጭቅ ከመነሳቱ በፊት መመለሱ ነው። ሞዴሉ የማን ንብረት ነው? ሥራ ተቋራጩ ተማምኖበት ፌሮ ቢቆርጥና ቢሳሳት ማን ይጠየቃል? ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አሠሪው የሚረከበው አይኤፍሲውን ነው ወይስ ዋናውን ፋይል? እነዚህን ሳይጽፉ መጀመር ራስን ለጠበቃ መመገብ ነው።

አይኤስኦ 19650 ምን ያደርግልኛል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎቹ በ2018 መጨረሻ የወጡ፣ ከእንግሊዝ ስታንዳርዶች ያደጉ ናቸው። እንዴት ሞዴል እንደሚሠራ አያስተምርም፤ መረጃ እንዴት እንደሚተዳደር ነው የሚለው። አሠሪው የሚፈልገውን መረጃ ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ሠሪዎቹ እንዴት እንደሚያቀርቡት በዕቅድ ይመልሳሉ። ፋይል ሁሉ ደግሞ በአንድ የጋራ ቋት ውስጥ በአራት ሁኔታ ያልፋል፦ ገና እየተሠራ ያለ፣ ለሌሎች የተጋራ፣ ጸድቆ የወጣ፣ ወደ ማኅደር የገባ።

ደረቅ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን "ፋይናል"፣ "ፋይናል 2"፣ "የመጨረሻው ፋይናል" የሚል ፋይል በቴሌግራም ሲዘዋወር፣ ከዚያም ሳይቱ በአሮጌው ሲሠራ ያየ ሰው ይገባዋል።

በሕግ የሚያስገድዱ አገሮች አሉ?

አሉ። እንግሊዝ በ2011 አስታውቃ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥቱ ገንዘብ በሚሠሩ ፕሮጀክቶች ላይ ግዴታ አደረገችው። ሲንጋፖር ከ2013 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻን በሞዴል መቀበል ጀምራ፣ በ2015 ከ5000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑት ሁሉ አስገዳጅ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት የ2014 የግዥ መመሪያ ደግሞ አባል አገሮች መጠየቅ እንደሚችሉ ይላል እንጂ አያስገድድም።

ታዲያ ለምንድነው ብዙ ቢሮ ሞክሮ የሚተወው?

ኮምፒውተሩና ፕሮግራሙ ይገዛል፣ ሁለት ወጣት ይሠለጥናል፣ የቀረው ሁሉ እንደ ድሮው ይቀጥላል። ዲዛይኑ በአውቶካድ ያልቅና ለወጣቶቹ "ቢአይኤም አድርጉት" ተብሎ ይሰጣቸዋል። ይሄ ሥራውን ሁለቴ መሥራት ነው። ውሳኔው ሁሉ ሌላ ቦታ ካለቀ ሞዴሉ የሚያድነው ነገር የለም።

ክፍያውም አለ። ቢአይኤም ሥራውን ወደ መጀመሪያው ይጎትተዋል፤ ድሮ ወርኪንግ ድሮዊንግ (ለግንባታ የሚወጣው ዝርዝር ሥዕል) ላይ የሚወሰነውን ነገር ገና በንድፉ ላይ እንድትወስኑ ያስገድዳችኋል። ለውጥ ርካሽ የሚሆነውም ያኔ ስለሆነ ይህ ጥሩ ነው። ክፍያው ግን በአሮጌው ልማድ ወርኪንግ ድሮዊንግ ላይ ተከምሮ ከቀረ ቢሮው መጀመሪያዎቹን ወራት በባዶ ኪስ ይሠራል። ውሉ ላይ የክፍያውን ምዕራፍ ሳትነኩ የሥራውን ምዕራፍ አትንኩ።

ለአንድ ተራ መኖሪያ ቤት ያስፈልጋል?

ለክላሽ ብላችሁ ከሆነ አይመስለኝም። ፕሮግራሙን ከለመዳችሁት ግን ፕላንና ሴክሽን አልገጥም እያለ ከሚያደክማችሁ ይገላግላችኋል።

ሕንፃው ካለቀ በኋላ ሞዴሉ ምን ይሠራል?

ሕንፃው ከግንባታው ይልቅ በአገልግሎት ላይ የሚቆይበት ዘመን ስለሚረዝም፣ መረጃው የሚፈለገው እንዲያውም ያኔ ነው። ፓምፑ ሲቆም ሞዴሉ ላይ ነክታችሁ ሞዴል ቁጥሩን፣ የዋስትና ጊዜውን፣ የሚዘጋውን ቫልቭ ማግኘት አለባችሁ። ይህ እንዲሆን ሞዴሉ ከሳይቱ ጋር አብሮ መታረም አለበት። ለርክክብ ቀን ተብሎ በአንድ ሳምንት የሚለቀም አዝ ቢልት (በተሠራው ልክ ነው የሚባል ሰነድ) የሚያሳየው የታሰበውን ነው እንጂ የተሠራውን አይደለም። ጥገና ክፍሉ ደግሞ የሚፈልገው ሃያ የሚሆን የመረጃ ዓይነት ብቻ ከሆነ ሃያውን ብቻ ጠይቁ፤ ሁለት መቶ ባዶ ሳጥን ማንም አይሞላም።

ሞዴሌ ከበደና ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የወረዱትን የቤት ዕቃዎች ፈትሹ፤ ስፌቱ ሳይቀር የተሠራ ሶፋ ሁለት መቶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ቀጥሎ ሞዴሉ ውስጥ የተዘረገፉ የአውቶካድ ፋይሎችን አውጡ፣ የማትጠቀሙባቸውን ፋሚሊዎች (ተዘጋጅተው የተጫኑ ዕቃዎች) አጽዱ፣ ፕሮግራሙ የሚያወጣቸውን ማስጠንቀቂያዎችም ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። አሁንም ካልቀለለ ሞዴሉን በብሎክ ወይም በሙያ ከፋፍላችሁ በሊንክ አገናኙት።